አንዴ ከሞትክ ሞትክ፦ ስለ ዞምቢው ጨዋታ ለተጻፈው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ባሕር ዳር ውስጥ ስልክ ያለው ሰው ሁሉ የተቀባበለው አንድ ጽሑፍ አለ። ለእኔም ከየአቅጣጫው ደርሶኛል። የአክስቴ ልጅ ጭራሽ «አንተን ነው እንዴ የሚያወራው?» ብሎ ከሥሩ ጽፎበት ነው የላከልኝ። ስሜ የለበትም እንጂ፣ አዎ፣ እኔንና መሰሎቼን ነው።

የተወቀሰው ፕሮጀክት ዞምቦይድ የሚባለው የኮምፒውተር ጨዋታ ነው። ለማያውቀው ባጭሩ ልንገረው። ዘ ኢንዲ ስቶን የሚባል ትንሽ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2011 ለሕዝብ አቀረበው፤ እስካሁንም እየጨመረበት ነው። ቦታው አሜሪካ፣ ኬንታኪ ነው። ጊዜው ሐምሌ 1993፣ በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 1985። በሽታ ገብቷል፤ የሞተው ይነሳል፣ የተነሳው በሕይወት ያለውን ይነክሳል። አንተ ጀግና አይደለህም፣ ተራ ሰው ነህ። ምግብ፣ ውሃና መጠለያ ፈልገህ ለመኖር ትሞክራለህ። የፈጠርከው ሰው ከሞተ ደግሞ ሞተ ነው። «ከዚህ ልቀጥል» የሚባል ነገር የለም።

የጸሐፊው ሐሳብ ሲጨመቅ እንዲህ ነው። ለሳምንታት የተለፋበትን በአንድ ስህተት የሚያጠፋ ጨዋታ ቅጣት እንጂ መዝናኛ አይሆንም፤ ሠሪዎቹም የሚያቀርቡት ነገር ሲያጥራቸው የፈጠሩት ዘዴ ነው። ሁለተኛ፣ ሞትን ያለማምዳል፤ ሐዘን ባልራቀበት እንደኛ ባለ አገር ደግሞ ነውር ነው። ሦስተኛ፣ መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ እንዲህ ያለ ጨዋታ መጀመር ሞኝነት ነው። አራተኛ፣ ባዕድ ነው፤ ልጆቻችን የኬንታኪን መንገድ ሲሸመድዱ ዘጌን ሳያውቁ ያድጋሉ። ማሳረጊያው ላይ ፕሌይስቴሽን ቤቶች ይህን ጨዋታ ለሕፃናት ማጫወት እንዲያቆሙ ይጠይቃሉ። ጽሑፉ በጨዋ ቋንቋ የተጻፈ ነው፤ ጸሐፊው ስለ ልጆች ከልባቸው እንደሚጨነቁም ያስታውቃል። እኔም በዚያው ደንብ ልመልስ።

ከመጨረሻው ልጀምር፣ ቀላሉ እሱ ስለሆነ። ፕሮጀክት ዞምቦይድ ለፕሌይስቴሽን አልወጣም። በኮምፒውተር ብቻ ነው የሚሠራው። ግሽ ዓባይ ወይም ቀበሌ 14 ያለ ፕሌይስቴሽን ቤት ብትገባ የምታገኘው ኳስ ነው። ሁለት ልጆች ጆይስቲክ ይዘዋል፣ የቀረው ከኋላቸው ቆሞ «አቀብለው!» እያለ ይጮሃል። ክፍያው በጨዋታ ነው፤ የተሸነፈ ይነሳል። ግማሽ ሰዓት ሙሉ መስኮት ላይ ጣውላ ስትመታ የምታመሽበትን ጨዋታ እዚያ ቤት ቢያስገቡት ባለቤቱ በወሩ ይዘጋ ነበር። ምናልባት ጸሐፊው ሌላ የዞምቢ ጨዋታ አይተው ይሆናል። ዕድሜን በተመለከተ ግን ልክ ናቸው። ደም አለው፣ ሬሳ አለው። ለሕፃን አይሆንም፤ በዚህ አንከራከርም።

አሁን ወደ ዋናው። መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅ። ጸሐፊው በመጀመሪያው ነጥባቸው «ሞቱ እጅግ ከባድ ነው፣ የለፋህበትን ሁሉ ይወስዳል» ይላሉ። በሁለተኛው ደግሞ «ሞትን ያቀላል» ይላሉ። የትኛውን እንያዝ? የሞት ዋጋው ከናረ አልረከሰም። ከረከሰ ደግሞ ያ ሁሉ ለቅሶ ከየት መጣ? ከሁለቱ አንዱን መተው አለባቸው። እኔ ብሆን ሁለተኛውን ነበር የምተወው።

«ቅጣት ነው» ወደሚለው እንሂድ። ዞምቦይድን ስትጀምር ጥቁር ስክሪን ላይ ጽሑፍ ይመጣል። የመጨረሻው ዘመን ነው ይልሃል። የመትረፍ ተስፋ እንዳልነበረ ይነግርሃል። ከዚያ «እንዲህ ነው የሞትከው» ይላል። ገና አንድ እርምጃ ሳትራመድ! ማንም አላታለለህም። ሰው እዚህ ጨዋታ ውስጥ የሚገባው «እስከ የት እደርሳለሁ» ብሎ ነው። ጸሐፊው «ሁለት ወር ለፍቶ ባዶ እጁን ቀረ» ብለው ያዘኑለት ልጅ ሁለት ወር ሙሉ ሲጫወት ከርሟል፤ የፈለገውም እሱን ነበር።

«የሚያቀርቡት ሲያጥራቸው የፈጠሩት ዘዴ ነው» የሚለውን ታሪኩ አይደግፈውም። ይህ የማይመለስ ሞት ዛሬ አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ1980 አካባቢ ካሊፎርኒያ ውስጥ ተማሪዎች የሠሩት ሮግ የሚባል ጨዋታ ነበር። ሰውየህ ከሞተ ያስቀመጥከው ፋይልም አብሮ ይጠፋል። ግን የምትገባበት ዋሻ በየጊዜው አዲስ ሆኖ ነው የሚሠራው፤ አንዱ ጉዞ ሌላውን አይመስልም። ለመሸምደድ የሚሆን ነገር አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የመጀመሪያው ሬዚደንት ኢቭልም ሞትን ባያጸናውም ጨዋታህን ለማስቀመጥ የታይፕ ሪባን ይጠይቅህ ነበር። ሪባኑ በቁጥር ነው። ሪባን ሳይኖርህ ያንን ጨለማ ኮሪደር ያለፍክ ሰው ጭንቀቱን ታውቀዋለህ።

የአስፈሪ ጨዋታ ሥራው እዚህ ላይ ነው። ዞምቦይድ መልኩ እንኳ አያስፈራም። ከላይ ሆነህ ነው የምታየው፤ ሰዎቹ የጣት ታህል ናቸው። ልብህን የሚያዘልለው ያለህን ማጣትህ ነው። ልጅ ሆነን በእንጨት ጠመንጃ ስንጫወት አንዱን «ሞተሃል!» ስትለው «አልሞትኩም፣ ስታኛለህ!» ብሎ የሚሟገት አይጠፋም ነበር። ያ ልጅ የገባበት ጨዋታ አምስት ደቂቃ አይቆይም። አልሞትም የሚል ሰው ካለ ለመደበቅ ምን አደከመህ?

ስለ ልፋት መና መቅረት ካነሳን አይቀር ሠሪዎቹ ራሳቸው ቀምሰውታል። እ.ኤ.አ. በ2011 ኒውካስል ከተማ ቤታቸው ተሰብሮ ሁለት ላፕቶፕ ተሰረቀባቸው። ሲለፉበት የቆዩት አዲስ ሥራ አብሮ ሄደ። እንደገና ተቀምጠው ሠሩት። (ይህን እንደ ክርክር አልቆጥረውም። ግን እነዚህ ሰዎች የጠፋ ልፋት ምን እንደሆነ አያውቁም ማለት አይቻልም።)

በዚህ ነጥብ ላይ ለጸሐፊው የምለቅላቸው አለ። ሥራ ውሎ ማታ አንድ ሰዓት ብቻ የሚያገኝ ሰው ወር የለፋበትን በአንድ በር ሲያጣ ሊበሳጭ ይችላል፣ እውነቱን ነው። ለእሱ ግን ጨዋታው ማስተካከያ አለው። የዞምቢውን ብዛት ትቀንሳለህ፣ ከፈለግክ ሙሉ በሙሉ ታጠፋዋለህ። ንክሻው በሽታ እንዳያስይዝ ታደርጋለህ። ደግሞ ጸሐፊው ያላነሱት ትልቅ ነገር አለ፦ የሚሞተው ሰውየው ነው፣ ዓለሙ አይሞትም። አዲስ ሰው ፈጥረህ እዚያው ከተማ ትመለሳለህ። የሠራኸው ቤት ቆሞ ይጠብቅሃል። የድሮው ሰውህም ቦርሳውን እንዳነገተ፣ ዞምቢ ሆኖ እዚያው ሰፈር ሲዞር ልታገኘው ትችላለህ።

ይህ ወደ ሁለተኛው ነጥብ ያስገባኛል። ሞትን ያለማምዳል ወይስ አያለማምድም?

ሽምብጥ የሚኖር ጓደኛ አለኝ። ጨዋታው ውስጥ የፈጠረውን ሰው ጋሽ ሞላ ብሎ ሰየመው፤ ሙያው ኤሌክትሪሺያን። ሮዝዉድ በምትባለው ከተማ ፎቅ ቤት አስገባው። ደረጃውን አፈረሰ፤ መውጫ መግቢያው ከመስኮት የተንጠለጠለ የአንሶላ ገመድ ብቻ ሆነ። ጣሪያው ላይ የዝናብ በርሜል ደረደረ። ጓሮው ድንችና ጎመን። እኛም ማታ ማታ እየተሰበሰብን «ጋሽ ሞላ እንዴት ዋሉ?» እንል ነበር፣ እንደ ጎረቤት።

ለሞት ያበቃቸው የጣሳ መክፈቻ ነው። ቤቱ ሙሉ የታሸገ ምግብ አለ፣ መክፈቻው የለም። መሽቷል። ሰውየው ደክሟቸዋል፤ ምልክቱ ስክሪኑ ጥግ ላይ በርቷል። «ጎረቤት ኩሽና ድረስ ነው፣ ምን ይመጣል» አለና ይዟቸው ወጣ። በሩን ከፈተ። ከበሩ ጀርባ ሽርጥ የታጠቀች ሴትዮ ቆማ ነበር። ክንዳቸውን ያዘች። በጨዋታው በተለመደው ሕግ ጭረት ቢሆን በበሽታው የመያዝ ዕድሉ 7 በመቶ ነው። ቆዳው ከተቀደደ 25 ይሆናል። ንክሻ ግን 100 ነው። ንክሻ ነበር።

ልጁ እጁን ራሱ ላይ ጫነ። ከመካከላችን አንዱ «ነፍስ ይማር» አለ፣ ለቀልድ አስቦ። ማንም አልሳቀም። ጋሽ ሞላ ወዲያው አልሞቱም፤ በሽታው ጊዜ ይወስዳል። እና ልጁ በቀረው ጊዜ ምን አደረገ መሰላችሁ? ቤቱን አዘጋጀ። ጣሳዎቹን ደረደረ፣ የጀነሬተሩን ነዳጅ ሞላ፣ መጥረቢያውንና መጻሕፍቱን አንድ ሳጥን ውስጥ ከተተ። ከዚያ ትኩሳቱ ሲብስ ጋሽ ሞላን ከቤቱ አርቆ ጫካ ድረስ ወሰዳቸው፤ በኋላ የሚመጣው ሰው በር ላይ እንዳያገኛቸው። በማግስቱ አዲስ ሰው ፈጠረ። «ወንድማቸው ነው» አለን።

ሞትን የለመደ ሰው እንዲህ ያደርጋል?

አሁን በስልክ ላይ ካለው የተኩስ ጨዋታ ጋር አስተያዩት። በብዙዎቹ ትሞታለህ፣ ጥቂት ሰከንድ ትቆጥራለህ፣ ትነሳለህ፣ ትተኩሳለህ። አንድ ልጅ በአንድ ከሰዓት ስንት ጊዜ እንደሞተ ብትጠይቀው አያውቀውም። ሞት የቀለለው እዚያ ነው። ጸሐፊው ስለዚያ አንድ መስመር አልጻፉም፣ ምክንያቱ አልገባኝም። ዞምቦይድ ውስጥ አንድ ጥይት ብትተኩስ ድምፁን የሰማ ሁሉ ወደ አንተ ይጎርፋል። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜህን መጋረጃ በመዝጋትና ጎንበስ ብሎ በመሄድ ነው የምታሳልፈው። ሰውየህ ይፈራል፣ ይደብተዋል። ሬሳ የተከመረበት አጠገብ ብዙ ከቆየ ይታመማል።

ሐዘንን በተመለከተ ግን ቆም ብዬ ላውራ። ጸሐፊው እዚህ ክልል ውስጥ ስንት ቤት ድንኳን እንደተተከለ ያስታውሱናል። ይህን ማንም ሊያስተባብል አይችልም፣ እኔም በቀልድ አላልፈውም። ቤቱ ሰው የሞተበት ልጅ «አልፈልግም፣ አልችለውም» ካለ መልስ የለኝም፤ ሐዘንተኛን ና ዞምቢ እንጫወት አይባልም። ግን «እኔን ይከብደኛል» ማለት አንድ ነገር ነው፣ «የሚጫወተው ሁሉ ልቡ ደንድኗል» ማለት ሌላ። ጸሐፊው ለሁለተኛው አንድ ማሳያ እንኳ አላቀረቡም። እኔ የማውቃቸው ተጫዋቾች ለቅሶ ይደርሳሉ፣ ድንኳን ይተክላሉ፣ ወንበር ይሸከማሉ። ሬሳው ተነስቶ መሄዱ ከእምነት ጋር ይጋጫል ላሉትም አጭር መልስ አለኝ፦ በጭራቅ ተረት ያደግን ሰዎች ነን፤ ጭራቅን ያመለከ ግን አላየሁም።

ሦስተኛው ነጥብ መብራት ነው። ይህን ሳነብ ነው የሳቅኩት፣ ይቅርታ ይደረግልኝ።

ምክንያቱም ይህ ጨዋታ ስለ መብራት መጥፋት ነው! በተለመደው አቀማመጥ በመጀመሪያው ወር ውስጥ፣ መቼ እንደሆነ ሳይነገርህ፣ መብራትም ውሃም ይሄዳል። ከዚያ በኋላ አይመጣም። ፍሪጅ ውስጥ ያለው ሥጋ ይበላሻል። ሌላ አገር ያለ ተጫዋች ይህን ከስንት ሞት በኋላ ነው የሚማረው። የባሕር ዳር ልጅ ግን ገና ሲገባ ባኞውን፣ ባልዲውን፣ ድስቱን ሁሉ ውሃ ይሞላል። ማን አስተማረው? እናቱ ናታ። «ውሃ ሳይሄድ ጀሪካኑን ሙሉ» እየተባለ ያደገ ልጅ እዚያ ጨዋታ ውስጥ እንግዳ አይሆንም።

ጀነሬተሩ ደግሞ አለ። ኤሌክትሪሺያን ካልሆንክ የሚያስረዳውን መጽሔት ፈልገህ ሳታነብ ማገናኘት አትችልም። አግኝተህ፣ ነዳጅ ሞልተህ፣ ድምፁ ዞምቢ እንዳይጠራ ብለህ ቤት ውስጥ ካስነሳኸው በጭሱ ትሞታለህ። አዲስ ተጫዋች «ምን ነካኝ?» እያለ ሰውየው ሲወድቅ ያያል። እኛ ዘንድ ክረምት በመጣ ቁጥር ከሰል አቀጣጥሎ፣ በር ዘግቶ የተኛ ሰው ወሬ ይሰማል። በሐኪም ምክር ያልሰማ ልጅ ከዚህ ጨዋታ ቢሰማው ምን ክፋት አለው? ሐይቅ ዳር ላለን ደግሞ ሌላም አለ። ከወንዝና ከሐይቅ የቀዳኸውን ውሃ ሳታፈላ ብትጠጣ ሰውየው ይታመማል። ጣና ዳር ቢልሃርዝያ እንዳለ የምናውቅ ሰዎች ይህን ለማመን አንቸገርም።

የጸሐፊው ስጋት ግን የእኛ መብራት ሲሄድ ጨዋታው ይጠፋል የሚል ነው። ግማሽ እውነት አለው። ዞምቦይድ እየተጫወትክ እያለ ራሱ ይመዘግባል፤ ስለዚህ መብራት ሲሄድ ብዙውን ጊዜ የምታጣው ትንሽ ነው። በድንገት ሲጠፋ ግን ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል፣ ያኔ ያናድዳል። ባትሪው ደህና የሆነ ላፕቶፕ ያለው አይነካውም። ዴስክቶፕ ያለው ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ የሚይዝ ባትሪ) ይግዛ፤ ካልቻለ ጨዋታው የሚመዘገብበትን ፎልደር በየጊዜው ፍላሽ ላይ ይቅዳ። ኮፒ ማድረግ የጨዋታውን ሕግ ያፈርሳል የሚሉ አሉ። እኛ ጋ ሕጉ እንዲህ ነው፦ በዞምቢ ከሞትክ ሞትክ። በመብራት መጥፋት ከሞትክ ግን አይቆጠርም።

የቀረው «ባዕድ ነው» የሚለው ነው። ኬንታኪ ባዕድ ነች፣ ልክ ነው። ዘጌን ሳይረግጥ የሉዊቪልን አስፋልት የሚያውቅ የባሕር ዳር ልጅ መኖሩም ያሳፍራል፤ ዘጌ በጀልባ ቅርብ ናት። ግን ተጠያቂው ጨዋታው ነው? ያ ልጅ ኮምፒውተሩን ብትወስድበት በማግስቱ ዘጌ ይሄዳል?

ሐሳቡ ደግሞ ባዕድ አይደለም። ክፉ ቀን ሲመጣ ወዴት ይኬዳል፣ ምን ይያዛል፣ ምን ይተዋል የሚለው ጥያቄ ከጣና በላይ የት ተጠይቋል? በግራኝ ወረራ ዘመን ንዋያተ ቅድሳት የተሸሸጉት በእነዚህ ደሴቶች ነው። ዳጋ እስጢፋኖስ የነገሥታት አፅም ይዟል፤ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብና ዐፄ ፋሲል እዚያ ናቸው። ታቦተ ጽዮን ጣና ቂርቆስ 800 ዓመት ተቀምጣለች ይላል ትውፊቱ። ሐይቁ መሸሸጊያ ነው፣ ሁልጊዜም ነበር።

ለዚህ ይመስለኛል ጨዋታው አልቆ ቡና ላይ ስንቀመጥ ወሬው ወደዚህ የሚዞረው፦ ባሕር ዳር ቢሆንስ? አንዱ ደቅ ነው የምሄደው ይላል፤ ሰፊ ነው፣ እርሻ አለው። ሌላው «ታንኳውን ማን ይቀዝፍልሃል?» ይለዋል። አንዷ ደግሞ ወደ ጎንደር በኩል መሻገር ይሻላል ትላለች። ግንቦት 2016 የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ነው። መሀሉ ላይ ከሁለት ወገን ቢመጡብህስ? እዚህ ላይ ክርክሩ ይጦፋል። እኔ እንዲያውም ጨዋታውን ልወቅሰው ብል የምወቅሰው በዚህ ነው፦ በመደበኛው ጨዋታ ጀልባ የለም። ወንዝ ደርሰህ ቆመህ ታያለህ እንጂ አትሻገርም። የጣና ሰው ያለ ታንኳ ምን ዓይነት መትረፍ ነው የሚተርፈው?

ጨዋታው ግን ካርታ መሥሪያ አለው፤ ማንም የራሱን ከተማ መሥራት ይችላል። ፖሊ የሚማር ልጅ ባሕር ዳርን ጀምሯታል። ከጊዮርጊስ ተነስቶ በዘንባባው ጎዳና ድልድዩ አጠገብ ደርሷል። የቆመው ዋናው ገበያ ላይ ነው። የበርበሬው ተራ ከየት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ፣ የእህሉ በየትኛው መተላለፊያ እንደሚወጣ ተምታቶበታል። የጠየቃቸው ነጋዴዎችም ሁሉም የተለያየ ነው የነገሩት። ጸሐፊው ከተማዋን ከልጅነታቸው ጀምሮ እንደሚያውቋት ጽፈዋል። ፈቃዳቸው ከሆነ አንድ ቅዳሜ ልጁን ይዘውት ገበያውን ያዙሩት። ዞምቢዎቹን በኋላ እኛ እንጨምራለን።